አራት ነጥብ

ከፒያሳ አዘዞ በባጃጅ ወረድሁ፣
ላፕቶፔን ካቦርቴ ሥር ከዝናብ ሸሸግሁ።
ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲስተር ውዳላት ቆማ፣
«ሦስት ቀን ስንደውል!» አለችኝ፣ በጣም ደክማ።

ስምንት አዋላጆች አግዳሚ ላይ ሰፍረው፣
ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ በምስማር ወጥረው፤
አንሶላው ላይ ሕፃን አለ፣ አሁን የተወለደ፣
አልተነፈሰም ገና። የሐኪሟ እጅ ወረደ፣
ደረቱን ሊነካ ሲል
ቆመ።
ክቡ መዞር ጀመረ።
በሕፃኑ ፊት ላይ፣ እሽ ቢሉት እንደማይሄድ ዝንብ፣
ዞረ። ዞረ። ዞረ።

«ሰኞም እዚሁ፣ ማክሰኞም እዚሁ» አለች ውዳላት፣
«እሱ ሳይተነፍስ፣ እኛም ሳንማር መሸብን።»

ሌላው ሁሉ ይሠራል። ደብዳቤው ይደርሳል፣
ዜናው ይከፈታል፣ የነገ ዝናብ ይታያል።
ትንሹ ያልፋል፤
ትልቁ መንገድ ይቀራል።

እኔም ሁሉ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፦
አጠፋሁት፣ አበራሁት፣
ገመዱን ነቅዬ እፍ አልሁበት፣ መለስሁት።
ጥራቱን ዝቅ ባደርግ፣ ልጁ ጭቃ መሰለ፣
ጥቂት ሄዶ፣ እዚያው ደረት ላይ፣ ደግሞ ቀጥ አለ።

በአሮጌው አድራሻ ስጠራው ይሮጣል እንደ ጤነኛ፣
በአዲሱ ስጠራው ይሆናል የአልጋ ቁራኛ።
ጓደኛዬ ፈንታነህ በስልክ፦ «አዲሱን ዝጋና ሂድ!»
አሮጌው ግን አልቋል፤ ባንድ የቤት ቁጥር
ሰፈር ሙሉ ተጋርቶ፣ ፖስተኛው ግራ ገብቶት።

አዲሱ ረጅም ነው። ስምንት ክፍል፣
በየመካከሉ ሁለት ነጥብ፣
እንደ ብራና ጽሕፈት፣ ቃል፡ከቃል፡እንደሚለይበት።
ባዶው ሲበዛ ነጥቦቹ ይደገማሉ፣
አራት ነጥብ ይመስላሉ።
የቄስ ትምህርት ያሳደገው ዓይኔ «አበቃ» ይላል።
አላበቃም።
ዜሮዎች ናቸው፣ ቦታ እንዳይፈጁ የታጠፉ።

አንድ ሺህ አራት መቶ ላክሁ፤ መለሰ።
አንድ ሺህ አምስት መቶ፤ ዝም።
አራት መቶ ሰማንያ፤ መለሰ።
ሰማንያ አንድ፤
ዝም።

ከወገራ ገብስ ጭኖ የመጣ ነጋዴ አስቡ፣
የግንቡ በር ጠቦት። በድሮው ሥርዓት ዘበኛው
ጭነቱን ፈትቶ፣ ከፍሎ፣ ያሳልፍለት ነበር።
በአዲሱ እጁን አይነካም። ጭነቱን ጥሎ፣
«ሰፍቶብኛል፣ ቀንሰህ ላክ» የሚል መልእክተኛ
ወደ ላኪው አገር ይሰዳል።
ላኪው ግን አልሰማም። ያንኑ ጭነት ደግሞ ይልካል፣
ያው በር ላይ ደግሞ ይወድቃል።
መልእክተኛውን ማን ያዘው?

ጎንደር ቢሮ ያለውን ማሽን ከዚሁ ሆኜ ገባሁበት፣
የኬላውን ደንብ አንድ በአንድ ወረድሁበት።
ተራ ቁጥር ሰባት፦
ከጥሪና ከምላሽ በቀር መልእክተኛ ሁሉ ይከልከል።
ቀኑ፦ ጥር አሥራ ሁለት፣ ያምናው፤
ከተማው ሚካኤልን ሲያስገባ ቢሮ የቀረ ተረኛ የጻፈው።
ምክንያት፦ «ለጥንቃቄ»።
ስም፦ የኔ።

አንድ መስመር ሰረዝሁ።
እጅ ወረደ። ጀርባውን አሸ፣ አሸ፣
አፉን ጠረገ፣ ጭንቅላቱን አቀና፣
ደረቱ ከፍ አለ፣
አለቀሰ።
ስምንቱ ሴቶች ባንድነት ተነፈሱ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ይዘውት እንደ ነበር ሁሉ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ውዳላት።
«በሩ ጠቦ ነው» አልሁ።
«በር ቢጠብ ታዲያ አይናገርም?»
ገመዴን መጠቅለል ጀመርሁ።

ባጃጁ ውስጥ፣ ዝናቡ ሸራውን እየደበደበ፣
በስልኬ ሪፖርት ጻፍሁ፦ ችግሩ ተፈቷል
ማን እንዳመጣው የሚለውን ሣጥን ዘለልሁት፣
መጨረሻው ላይም አራቱን ነጥቦች አኖርሁ።
የሚያነብብ «አበቃ» ይበል።
የሚያውቅ ያውቀዋል፤
ውስጡ የታጠፈ አለ።